በጢስ የሚሞት ሰው ደሙ ከማን እጅ ይፈለጋል?

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ይኸውም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንዲሁም ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ከሆነች ነፍስ ተዋሕዶ የተፈጠረ መሆኑን ይነግሩናል። በዚህ ትምህርት መሠረት ነፋስ ከውጭ እየመጣ ሰውን የሚዳስስ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከሰውነታችን መሠረቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህም ነፋስን የሚያረክስ ሰው የሚያረክሰው የሰውን ባሕርይ ራሱን ነው ማለት ይቻላል። መሬት በአጥር ይከለላል፣ ውኃ በቦይ ይመለሳል፣ እሳት በአመድ ይዳፈናል፤ ነፋስ ግን የባለጸጋውን ግንብ ዘልሎ፣ የድኻውን ጎጆ ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ እንደ ርስት ያልተከፈለና በገንዘብ ያልተሸጠ የሁሉ ሀብት ሆኖ ኖሯል። ጾመኛ ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ ይውላል፤ ከአየር ጾሞ መዋል የሚቻለው ሰው ግን ከአዳም ጀምሮ አልተወለደም። ሰው ነቅቶም ተኝቶም በቀን ከ20,000 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል፤ የሚበላውን መርጦ ለመብላት፣ የሚጠጣውን አጥርቶ ለመጠጣት የሚችለው ፍጡር የሚተነፍሰውን አየር ለመምረጥ ሥልጣን አልተሰጠውም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድሁት ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ሰው በጦር ቢወጋ ወይም በጥይት ቢመታ ገዳዩ ይፈለጋል፣ ዳኛ ይሰየማል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ካሳ ይቆርጣል፣ የነፍስ አባቱም ቀኖና ይሰጡታል። ሰው ቀን በቀን በሚገባ የማገዶ ጢስ፣ በመኪና ጢስ፣ በፋብሪካ ትነት ሳንባው ተጎድቶ፣ ልቡ ደክሞ ሲሞት ግን ማንም ማንንም አይከስም፤ ለቀስተኛው ቀኑ ደርሶ ነው እየተባባለ ይጽናናል፣ ሣልስቱና አርባው ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ታዲያ እጅ ያልሰነዘረው፣ ልብ ያላሰበው፣ ዓይንም ያላየው ይህ ሞት «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ውጭ ነውን? ወይስ የሟቹ ደም ከአንድ ሰው እጅ ይፈለጋል? የሚፈለግስ ከሆነ ከማን?

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በገጠር ከሚገኝ አንድ ማድ ቤት ደጃፍ ቆሞ እንጀራ ሲጋገር ማየት ይበቃል። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል፤ ከሥሩ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ይነድዳል፤ ወራቱ ክረምት ከሆነም ማገዶው ርጥብ ነውና ከነበልባሉ ጢሱ ይበዛል። እናቲቱ ምጣዱን አስሳ፣ ሊጡን አዙራ ካፈሰሰች በኋላ አክንባሎውን ትደፋለች፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብላ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ እፍ ትላለች፤ እሳቱ እስኪይዝ ድረስ የሚትጎለጎለው ጢስ ፊቷን ሲመታት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን እርስዋ የምትተነፍሰውን ያንኑ ይተነፍሳል፤ በአጠገብዋ ጭራሮ የምታቀብላት ልጅም እንደዚሁ። ግድግዳው ጠቁሯል፣ ከጣራውም ሥር ጥቀርሻው ተንዠርግጓል። ይህ ሥራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ ወጡ፣ ንፍሮውና ቡናው ደግሞ በየዕለቱ ነው፤ ሴቲቱም ከልጅነቷ ጀምራ እስክታረጅ ድረስ የዕድሜዋን ብዙውን ክፍል በዚህ ጢስ ውስጥ ታሳልፋለች።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ማገዶም ከሰልም ናፍጣም ሲቃጠል ከሚወጣው ነገር ሁሉ የበለጠ ጎጂው በዓይን የሚታየው ጥቀርሻ ሳይሆን፣ ውፍረቱ ከሰው ጠጕር ከ20 እጅ በላይ የሚያንሰው ደቃቅ ብናኝ ነው። ትልልቁን ትቢያ አፍንጫና ጕሮሮ ያስቀሩታል፤ ይህ ደቃቅ ብናኝ ግን እስከ ሳንባ ጫፍ፣ ደም ከአየር ጋር እስከሚገናኝባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፤ ከፊሉም ከዚያ አልፎ ከደም ጋር ይዞራል። ስለዚህ ጉዳቱ በሳል ብቻ አያበቃም፤ የልብ ደም ሥሮችን ያጠባል፣ በአንጎል ውስጥ የደም መቋረጥን ወይም መፍሰስን ያስከትላል፣ የሳንባን ካንሰርና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ በሽታን ያመጣል፣ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፣ ያረገዘች ሴት የምትተነፍሰው ከሆነም ልጇ ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት፣ በዚህ ዘመን ከ2 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎች ምግባቸውን የሚያበስሉት ጢስ በሚያወጣ እሳት ነው፤ በቤት ውስጥ በሚፈጠረው በዚህ ብክለት ሳቢያም እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። የውጭው አየር ብክለት የሚገድላቸው ሲጨመሩ የዓመቱ ቍጥር ወደ 7 ሚሊዮን ይደርሳል። በጦርነት ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ዓመት ቢያልቅ ዓለም ሁሉ ማቅ በለበሰ ነበር።

ይህ መከራ የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን የለንደንን ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952፣ ከወሩ 5ኛ ቀን እስከ 9ኛው ቀን ድረስ፣ ነፋስ ቆሞ፣ ከላይ የተጋደመው ሞቃት አየር ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር ስለ ተጫነው፣ ከየቤቱ ምድጃና ከየፋብሪካው የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ መውጫ አጥቶ ከጉም ጋር ተቀላቀለና በከተማይቱ ላይ ተኛ። ሰው በመንገድ ላይ የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው፤ ለከብት ትርዒት ከገጠር ከመጡት ሰንጋዎች እንኳ ታፍነው የሞቱ ነበሩ። በጊዜው የተነገረው የሟቾች ቍጥር ወደ 4,000 የሚጠጋ ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች እስከ 12,000 አድርሰውታል። ጢሱ ከተነሣ በኋላ ባሉት ወራት ሞቱ አለመቋረጡ በታየ ጊዜ፣ መንግሥት የዚያን ምክንያት ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሎ ነበር፤ ንጹሕ አየርን የሚመለከተው ሕግ የወጣውም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956 ነው። ከዚህም ብዙ ዘመን በኋላ፣ በዚያችው ለንደን፣ መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና አጠገብ የምትኖር የ9 ዓመት ልጅ በአስም ስትሠቃይ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞተች፤ የአሟሟት መርማሪው ዳኛም በታኅሣሥ 2020 ነገሩን እንደ ገና አይቶ፣ ለሞትዋ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የአየር ብክለት መሆኑን በመዝገብ አሰፈረ። በእንግሊዝ አገር የአየር ብክለት ለአንድ ሰው ሞት ምክንያት ተብሎ ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከእርስዋ በፊት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሞተዋል፤ የገደላቸው ነገር ስም ግን በአንዳቸውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ለጥያቄያችን ብዙ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ፣ ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነውና ሰው ሊጠየቅበት አይገባም የሚል ነው። የሞት ቀጠሮ በእርሱ እጅ መሆኑን የማያምን ምእመን የለም፤ ነገር ግን ይህ እምነት የሰውን ሥራ በእግዚአብሔር ለማመካኘት መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። መቅሠፍትና ግፍ ሁለት ናቸው። ምድር ስትናወጥ፣ በረዶ ሲወርድ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጸልያል፤ ከሰው እጅ የወጣውን መርዝ ግን መቅሠፍት ብሎ መሰየም የአምላክን ስም በሐሰት መጥራት ነው። ለሕይወት እስትንፋስን የሰጠን አምላክ የሞትን እስትንፋስ ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚልክ አይደለም። ቃየልም ወንድሙ የት እንዳለ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው እንዳልሆነ ተናግሮ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር፤ የአቤል ደም ግን ከምድር ሆኖ መጮኹን አላቋረጠም።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይልቅ የበረታ ነው፤ እርሱም ኃጢአት ሐሳብ ይሻል የሚለው ነው። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይፈጸማል፤ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄደው፣ ፋብሪካውን ከፍቶ ለብዙ ሰው እንጀራ የሚሰጠው ሰው ማንንም ለመግደል አላሰበም፣ አልተናገረም፣ እጁንም አላነሣም፤ ታዲያ በምን ይከሰሳል? ለዚህ የኦሪት ሕግ መልስ አላት። በኦሪት ዘፀአት እንደ ተደነገገው፣ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው፤ በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ በነፍሱ ይጠየቃል። በኦሪት ዘዳግምም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። በሁለቱም ሕግ ባለቤቱ ለመግደል አላሰበም፤ የሚጠየቀው እያወቀ ባለመጠበቁ ነው። ስለዚህ ማወቅ የነገሩ ማጠፊያ ነው፤ ትናንት አደጋ የነበረው ጕዳት፣ ከታወቀና ከተነገረ በኋላ ዕዳ ይሆናል።

ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነስ? ለዚህም በዚያው በዘዳግም እጅግ የሚያስደንቅ ሥርዓት አለ። ተገድሎ በሜዳ የወደቀ ሰው ሲገኝ፣ ገዳዩም ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሽማግሎችና ፈራጆች ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት ቦታ እስከ አካባቢው ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቅርቢቱም ከተማ ሽማግሎች ጊደር አምጥተው፣ በላይዋ እጃቸውን ታጥበው፣ በፈሰሰው ደም እጃቸው እንደሌለበት በእግዚአብሔር ፊት ይመሰክራሉ። ማንም ያልገደለው የሚመስለው ሰው ሞት እንኳ ባለቤት አልባ ሆኖ አይቀርም፤ ማኅበረሰቡ በሙሉ ይጠየቅበታል። በአየር ብክለት የሚሞተው ሰው እንዲህ ያለ ሟች ነው። ከሺሕ መኪና የትኛው፣ ከመቶ ጭስ ማውጫ የትኛው እንደ ገደለው የሚለይ ዳኛ አይገኝም፤ ይሁን እንጂ የዘመናችን ሽማግሎች፣ ይኸውም ከንቲባዎቹ፣ ሚኒስትሮቹ፣ ባለሀብቶቹና የሃይማኖት አባቶቹ ርቀቱን ለክተው፣ የሚገባቸውን ሁሉ ማድረጋቸውን በእውነት ሊመሰክሩ ይገባቸዋል። ይህን ሳያደርጉ እጃቸውን ቢታጠቡ መታጠቡ እንደ ጲላጦስ መታጠብ ነው።

ጥንታውያን ይህን አያውቁትም ነበር ማለትም አይቻልም። የአይሁድ ሊቃውንት ሕጋቸውን በሰበሰቡበት ሚሽና በሚባለው መጽሐፍ፣ ቆዳ የሚለፋበት ቦታ ከከተማ 50 ክንድ እንዲርቅ፣ እርሱም በምሥራቅ በኩል ብቻ እንዲሆን ደንግገዋል፤ ነፋስ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ አስተውለው ነበርና። በ12ኛው ምዕት ዓመት የኖረው ሐኪሙና ፈላስፋው ሙሴ ማይሞኒድስም ስለ አስም በጻፈው ድርሳን የከተማ አየር ከበረሃ አየር ጋር ሲነጻጸር የታመቀና የደፈረሰ መሆኑን ገልጿል።

የተነገረው ባለ በሬ ዝም ሲል ምን እንደሚከተል ለማየት ደግሞ የሊድን ታሪክ መመልከት ይበቃል፤ ሊድ የተባለው የጥንቱ ዐረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊድ በቤንዚን ውስጥ ቢጨመር ሞተር ሳይንኳኳ እንደሚሠራ አገኘ። በ1924 ይህ ውሕድ በሚዘጋጅበት በኒው ጀርሲ በሚገኝ ማጣሪያ ሠራተኞች አእምሯቸው እየታወከ ሞቱ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በዋሽንግተን በተደረገ ጉባኤ ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን የነገሩን አደጋ በግልጽ ተናገረች። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ እንደ ገና ቀጠለ፤ ሊዱም ከመኪና ጢስ ጋር እየወጣ በየአገሩ በሚያድጉ ሕፃናት ደም ውስጥ ገባ፣ የማስተዋል ኃይላቸውንም ቀነሰ። ለመኪና የሚሆን ሊድ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ፈጽሞ የጠፋው አልጄሪያ በ2021 መሸጥዋን ባቆመች ጊዜ ነው። ከማስጠንቀቂያው እስከ መጨረሻው ቀን ወደ አንድ ምዕት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። በዚያ ዘመን ሁሉ የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጐደለው ለማያውቁት ሕፃን መራራት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማወቅ ብቻውን ለፍርድ አይበቃምና። ያች በማድ ቤቷ ኩበት የምታነድደው እናት ጢሱ ዓይኗን እንደሚያቃጥል፣ ልጇን እንደሚያስለው ታውቃለች፤ ሌላ ማገዶ ግን የላትም። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ፣ ወገቧ ጎብጦ ቁልቁል የምትወርደው ሴትም የዕለት ጕርሷን ከዚያ ታገኛለች። እነዚህን ኃጢአተኞች ብሎ መክሰስ የተበደለውን እንደ ገና መበደል ነው። ጌታችን በወንጌል ሲያስተምር፣ የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገው አገልጋይ ብዙ እንደሚገረፍ፣ ሳያውቅ ያጠፋው ግን ጥቂት እንደሚገረፍ ተናግሯል፤ ብዙ ከተሰጠውም ሰው ብዙ እንደሚፈለግበት አክሏል። ከዚህ የምንረዳው ዕዳ የሚለካው በማወቅና በመቻል መሆኑን ነው። ያላወቀ ይማር፤ አውቆ ያልቻለ ይረዳ፤ አውቆ፣ ችሎም ያላደረገ ግን መልስ ይስጥ።

የሚቻል ነገር መኖሩም የተረጋገጠ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ ተሠርቶ እሳቱን ዙሪያውን የሚከበው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በገዛ አገራችን የተፈለሰፈ ሲሆን፣ የሚፈጀው ማገዶ ከሦስቱ ጉልቻ ግማሹን ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ጢሱን ከማድ ቤት ፈጽሞ ያስወግደዋል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ፣ ምክንያቱ የነዳጅ ወጪም ቢሆን፣ ለከተማው አየር የሚበጅ ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ ጥቁር ጢስ እየተፉ የሚሄዱት አሮጌ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች፣ ሜዳ ላይ የሚቃጠለው ፕላስቲክ፣ መብራት ያልደረሰበት የገጠሩ ማድ ቤት ገና በነበሩበት አሉ።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ ጢስን እንዲህ አድርጎ መክሰስ ለቤተ መቅደሱ ዕጣን ነቀፋ እንዳይሆን ይሰጋ ይሆናል። ዕጣን ወደ ላይ የሚያርገው የምእመናን ጸሎት ምሳሌ ሆኖ ነው፤ ክብሩም በመሥዋዕትነቱ እንጂ በጢስነቱ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ መጀመሪያ ምዕራፍ፣ እጃቸው በደም የተሞላ ሰዎች የሚያቀርቡትን ዕጣን እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው አስታውቋል። እንግዲያስ የጎረቤቱን ሳንባ በሥራው ጢስ እየመረዘ በሰንበት ከማዕጠንቱ ፊት የሚሰግድ ሰው፣ የትኛው ጢስ ቀድሞ ወደ ጸባኦት እንደሚደርስ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለዚህ የጥያቄያችን መልስ ይህ ነው፦ በጢስ የሚሞተው ሰው ደም ይፈለጋል፤ የሚፈለገውም ካወቁትና ከቻሉት ሁሉ እጅ ነው። አንተ ባለ ፋብሪካ፣ ማጣሪያውን ለነገ አታሳድረው። አንተ ባለ መኪና፣ ጢሱ የጠቆረውን ሞተር ሳታሳድስ መንገድ አትውጣ። አንተ አባወራ፣ ለበዓል ልብስ ከማውጣትህ በፊት ለሚስትህ ጢስ የማያበዛ ምድጃ ግዛላት፣ የማድ ቤቱንም መስኮት ክፈትላት። ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛትንም ማንም አይድፈር፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደማችንንም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። እናንተም የነፍስ አባቶች፣ ንስሐ የሚገባውን ልጃችሁን ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ስትጠይቁት፣ ጎረቤቱ ስለሚተነፍሰው አየርም ጠይቁት፤ ተነግሮናልና ከእንግዲህ አላወቅሁም የሚል ምክንያት ማንንም አያድንም።